«መጽሐፉን ዝጊና ንገሪኝ»፦ ከየኔታ ጉባኤ እስከ ዛሬው ፈተና

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከምግብ ቤቶቻችን በአንዱ ምሳ አዝዤ እጠብቅ ነበር። ጥግ ካለው ጠረጴዛ አንዲት አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ መጽሐፍ ዘርግታ ታጠናለች። እናቷ እዚያው ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። ልጅቱ በቢጫ ቀለም መስመር እያሰመረች ታነባለች፤ ከቢጫው ብዛት የተነሣ ጎልቶ የሚታየው ያልተቀባው መስመር ነበር።

«ምን እያጠናሽ ነው የኔ ልጅ?» አልኳት።

«ባዮሎጂ ነው ጋሼ። ሰኞ ፈተና አለኝ።»

«ስንት ጊዜ አነበብሽው?»

«ይሄ አራተኛዬ ነው።»

«እስቲ መጽሐፉን ዝጊና የመጀመሪያውን ገጽ ንገሪኝ።»

ፈገግ ብላ ዘጋችው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረችና ቆመች። «አውቀዋለሁ እኮ! ሳየው አውቀዋለሁ» አለችኝ። እናቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለችና፣ «ሌሊቱን ሙሉ ስታነብ ነው የምታድረው፤ ውጤቷ ግን አልነሣ አለ። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛው አይገባኝ፣ በምን ልርዳት ወንድሜ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የእናት ጥያቄ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። ሁለት ሥራ እየሠራን፣ ሌሊት ታክሲ እየነዳን፣ የሆቴል አልጋ እያነጠፍን የምናሳድጋቸው ልጆች ጥሩ ውጤት አምጥተው ጥሩ ኮሌጅ እንዲገቡ እንመኛለን። ትምህርቱ ግን በሌላ ቋንቋ ነው፤ ሒሳቡም እኛ ከተማርነው የተለየ ይመስላል። ስለዚህ «በርታ፣ አጥና» ከማለት ሌላ ምንም ማድረግ የማንችል ይመስለናል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ልጅቱን ያቆማት «ሳየው አውቀዋለሁ» እና «ሳላየው አውቀዋለሁ» በሚሉት ሁለት ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አባቶቻችን ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቁት ነበር። የፈረንጅ ሊቃውንትም ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረምሩት ቆይተው እዚያው ደርሰዋል። ታሪኩን ከመነሻው እንየው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊደልን አዘበራርቆ መጠየቅ

በድሮው የቤተ ክህነት ትምህርት ልጅ በመጀመሪያ የሚቀመጠው የፊደል ገበታ ይዞ ነው። «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ በዜማ ይቆጥራል። ይሁን እንጂ ልጅ ብልጥ ነው። ዜማውን በቃሉ ይይዝና ፊደሉን ሳይለይ፣ ጣቱን ብቻ እያንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ሲያዩት ያወቀ ይመስላል። የኔታ ይህን ስለሚያውቁ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ያስቆጥራሉ። አቡጊዳ ማለት ያው ፊደል ቅደም ተከተሉ ተለዋውጦ፣ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እየተባለ የተሰደረበት ነው። ዜማው የማያወጣው ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። ይህን የአቡጊዳ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከፊደል ቀጥሎ ንባብ ይመጣል። ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ እየተባለ ያው ጽሑፍ በየደረጃው ይመላለሳል። የንባቡ መጨረሻ ዳዊት ነው። ዳዊትን የጨረሰ ልጅ ቤተ ሰቡ ይደግስለታል። እዚህ ላይ ቋንቋችን የሚለውን ልብ እንበል። ልጁ «ዳዊት አነበበ» ብቻ አይባልም፤ «ዳዊት ደገመ» ይባላል። መቶ ሃምሳው መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ስለሚደገም ሰኞ የተባለው በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ጊዜ ተምሮ ወደ ሌላ ማለፍ የለም፤ የተማሩት በቀጠሮ ይመለሳል።

ሌላው የቃል ትምህርት ነው። ሲመሽ መብራት የለም፣ መጽሐፉም አይታይም። መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ በቃሉ ይላል፤ ልጆቹ ይቀበላሉ። የዘወትር ጸሎት፣ ውዳሴ ማርያም፣ መልክዐ ማርያምና መልክዐ ኢየሱስ የሚያዙት በዚህ ዓይነት ነበር። ትናንት የተቀበለውን ሳይመልስ ለዛሬ አዲስ የሚሰጠው ልጅ አልነበረም።

ታጥቦ የሚጠፋ ሰሌዳ

ይህ በቤተ ክርስቲያን ብቻ የነበረ አይደለም። በወሎም በሐረርም በሌላውም የአገራችን ክፍል በቁርአን ቤት የተማሩ ወገኖቻችን ሉሕ የሚባለውን የእንጨት ሰሌዳ ያስታውሱታል። ልጁ የዕለቱን ክፍል በቀለም ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እየጮኸ ይቀራል፣ ከዚያም ፊት ቀርቦ በቃሉ ያሰማል። ካሰማና ከተፈቀደለት በኋላ ሰሌዳው ይታጠባል። ቀለሙ በውኃ ይሄዳል፤ በዚያው ሰሌዳ ላይ የነገው ይጻፋል። ከታጠበ በኋላ ክፍሉ ያለው በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ቁርአንን ሙሉውን በቃሉ የያዘ ሰው ሐፊዝ ይባላል፤ ሐፊዝ ከሆነ በኋላም ዕድሜ ልኩን ካልደገመው እንደሚጠፋበት ስለሚያውቅ መከለሱን አይተውም።

እንግዲህ በአንዱ ቤት ጨለማው፣ በሌላው ውኃው ያው አንድ ሥራ ነው የሠሩት። ጽሑፉን ከዓይን አርቀው ተማሪውን «አሁን ያለህን አውጣ» ይሉታል።

መጽሐፍ የሌላቸው ሊቃውንት

ከንባብ ቤት አልፎ ዜማ ቤትና ቅኔ ቤት የሚገባ ተማሪ አገር አቋርጦ ይሄዳል። ድጓ የሚፈልግ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ የሚፈልግ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ነው የሚማረው። ብራና ውድ ነው፤ ድጓን የሚያህል መጽሐፍ ለመጻፍ የስንት በግና ፍየል ቆዳ ያስፈልጋል። የራሱ መጽሐፍ ያለው ተማሪ ጥቂት ስለነበረ መምህሩ ያሉትን በጆሮ ተቀብሎ በልብ መያዝ ነበር አማራጩ።

ቅኔ ቤት ደግሞ ከዚህ ያልፋል። ተማሪው ቀን ዱር ገብቶ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ማታ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ያቀርባል፤ የሳተው ይታረምለታል። አስነጋሪ የሚባለው ራሱ ገና ተማሪ ነው፤ ግን ከታች ያሉትን ያርማል፤ ሲያርም ደግሞ የራሱን ያጸናል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ለሌላ አይሆንም፤ በየቀኑ አዲስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የቃል ጥናቱ መሠረቱ እንጂ ጣሪያው አልነበረም። ሰዋስዉን በልቡ የያዘ ሰው ነው አዲስ ነገር ሊፈጥርበት የሚችለው።

ለዚህ ትልቅ ምስክር የሚሆኑት የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ዓይናቸው አያይም ነበር። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት በማትገባበት ዘመን የቅኔ መምህር ከነበሩት ከአባታቸው ጉባኤ ሰምተው ተማሩ፤ ኋላም ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ብዙ ተማሪ አስመረቁ። ሰምተው በመያዝና ይዘው በመመለስ ነው ለዚያ የበቁት።

በሌላ በኩል የድሮውን ሁሉ አወድሶ ማለፍ ሐሰት ይሆናል። አለንጋው ነበር፣ ረኀቡ ነበር፣ የውሻው ንክሻ ነበር። ብዙ ልጆች የማይገባቸውን ግዕዝ ትርጓሜውን ሳያውቁ በፍርሃት በቃላቸው ይዘው ቀርተዋል። ሴቶች ልጆች አብዛኞቹ ከደጅ ቀርተዋል። እንዲመለስ የምመኘው አለንጋው አይደለም፤ ጥያቄው ነው።

ማትሪክና ደብተር

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ ብዙ ነገር ተለወጠ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908፣ ተፈሪ መኰንን በ1925 ተከፈቱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሥራ ሲጀምር ደግሞ የመግቢያው በር ጠባብ ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪን እንቅልፍ የሚነሣው ያ «ማትሪክ» የምንለው ፈተና ነበር። ኤ አራት ነጥብ፣ ቢ ሦስት ነጥብ እየተባለ ይደመርና የአንድ ልጅ ዕድል በአንድ አኃዝ ይወሰናል። አራት ነጥብ ያመጣ ልጅ ስሙ በሰፈር ይጠራል፤ ያልሆነለት ደግሞ ለዓመቱ «ይደግማል»። ዳዊት መድገም ክብር የነበረበት ቃል ማትሪክ መድገም ሲሆን ሐዘን ሆነ።

ማትሪክ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሌላ ሥርዓት ቢተካም ያጠናንበት መንገድ አብሮን ወደዚህ አገር መጥቷል። ደብተርና መጽሐፍ በመጡ ጊዜ ዕውቀቱ ደብተሩ ውስጥ እንዳለ ቆጠርነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ገለበጥን፣ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ አኖርን፣ ፈተና ሲቀርብ አውጥተን «መሸምደድ» ያዝን። በመንገድ መብራት ሥር እየተመላለሰ የሚያነብ ተማሪ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ አይኖርም።

አንድ የማልረሳው የክፍል ጓደኛ ነበረኝ። የፊዚክስ መጽሐፍ የመግዛት አቅም አልነበረውም። ከእኔ እየተዋሰ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ያነባል፤ ማታ መመለስ አለበት። ስለዚህ ያነበበውን ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ለራሱ ይተርካል፤ እቤቱ ደርሶ የጎደለበትን ጥያቄ አድርጎ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጽሐፉን ሲያገኝ በቀጥታ ወደዚያ ገጽ ይሄዳል። እኔ መጽሐፉ ስለነበረኝ ደጋግሜ አነብ ነበር። ውጤት ሲወጣ በፊዚክስ በልጦኝ ተገኘ። በዚያን ጊዜ «ጭንቅላቱ ነው» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ሳስበው ግን መጽሐፍ ማጣቱ ነው ሳያውቀው ትክክለኛውን መንገድ ያስያዘው።

አንድ ጀርመናዊ በራሱ ላይ የሠራው ሙከራ

ወደ ፈረንጆቹ እንለፍ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በ1885 ስለ ማስታወስ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የሙከራው ተማሪ ራሱ ብቻ ነበር። ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር ቃላት እየደረደረ በቃሉ ይይዛል፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደገና ያጠናቸውና ከመጀመሪያው ድካም ምን ያህሉ እንደተረፈለት ይመዝናል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከመቶ 58 እጅ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34፣ ከአንድ ወር በኋላ 21 እጅ ያህል ብቻ ተረፈለት። ከዚህ የምንማረው መርሳት በመጀመሪያው ቀን እንደሚሮጥና ኋላ ቀስ እንደሚል ነው። ልጄ ትናንት ያጠናውን ዛሬ ቢረሳ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ነው።

ይኸው ሰው ሌላም ነገር አገኘ። አንዱን ዝርዝር በአንድ ቀን 68 ጊዜ ቢደጋግመው የሚያገኘውን ጥቅም፣ በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ ብቻ በመድገም አገኘው። ድካሙ በግማሽ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ፈተናው ዋዜማ ላይ አምስት ሰዓት ከማንበብ በአምስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ማጥናት ይሻላል የሚባለው ምክር መነሻው ይህ ነው። ዳዊትን በሳምንት ከፋፍለው የደገሙት አባቶቻችን ይህን ሠንጠረዥ አላዩም፤ ሥራውን ግን ሠርተውታል።

ደግሞ ማንበብ ወይስ መጠየቅ?

የቀረው ጥያቄ ሲደግሙ ምን ማድረግ ይሻላል የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን ገና በ1620 አንድን ጽሑፍ ሃያ ጊዜ ከማንበብ፣ ዐሥር ጊዜ እያነበቡ በመካከሉ በቃል ለማለት መሞከርና ሲያቅት መጽሐፉን ማየት እንደሚሻል ጽፎ ነበር። በ1917 አርተር ጌትስ የተባለ አሜሪካዊ ይህን በትምህርት ቤት ልጆች ሞከረው፤ ከጥናት ጊዜያቸው ብዙውን በማንበብ ሳይሆን በቃል ለመመለስ በመሞከር ያሳለፉት ልጆች የተሻለ ያዙ። በ1939 ደግሞ ኸርበርት ስፒትዘር በአይዋ ግዛት 3,605 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበበ፤ ወዲያው የተጠየቁት ልጆች ካልተጠየቁት ይልቅ ከሳምንታት በኋላም አስታወሱት።

ነገሩን ያረጋገጠው በ2006 በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ነው። ተማሪዎችን በሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን አንድ ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ አራቱንም አነበበ። ሁለተኛው ሦስቱን አንብቦ በአራተኛው መጽሐፉ ተዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ሦስተኛው በአንዱ ብቻ አንብቦ በሦስቱ ከራሱ አውጥቶ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው ወገን በለጠ፤ ከመቶ 83፣ 78 እና 71 ሆነ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ተገለባበጠ። ደጋግሞ ያነበበው ወደ 40 ወረደ፤ ሁለተኛው 56፣ ሦስተኛው 61 አገኘ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ ከሁሉም በላይ እርግጠኛ የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው። እዚህ ላይ ነው የምግብ ቤቷ ልጅ የታየችኝ። አራተኛ ጊዜ ስናነብ ገጹ ይለምደናል፣ ዓይናችን ይንሸራተታል፤ ያንን ቅልጥፍና ዕውቀት ነው ብለን እንሳሳታለን። መጽሐፉን ዘግቶ መናገር ደግሞ ይከብዳል፣ ያሳፍራል፣ የማናውቀውን ያሳያል፤ ስለዚህ እንሸሸዋለን። ጥቅሙ ግን በዚያ ክብደት ውስጥ ነው። በ2013 ደንሎስኪና ባልደረቦቹ ዐሥር የጥናት ዘዴዎችን ሲመዝኑ ከፍተኛ ዋጋ የሰጡት ለሁለት ነው፤ ራስን መፈተንና ጊዜን ከፋፍሎ መከለስ። ቀለም መቀባትና ደግሞ ማንበብ ዝቅተኛው ላይ ተመደቡ።

አሁን ወደ አቡጊዳ ልመለስ። ሮረርና ቴይለር በ2007 ባወጡት ጥናት ኮሌጅ ተማሪዎች የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተለማመዱ። አንዱ ወገን አንድ ዓይነቱን ጨርሶ ወደ ሌላው አለፈ፤ ሌላው ወገን አራቱን አደባልቆ ሠራ። በልምምዱ ጊዜ ተራ በተራ የሠሩት ከመቶ 89 ሲያገኙ፣ የደባለቁት 60 ብቻ አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተደረገው ፈተና ግን የደባለቁት 63፣ ተራ በተራ የሠሩት 20 ሆኑ። የፈተና ወረቀት «ይህ የምዕራፍ ሦስት ጥያቄ ነው» ብሎ አይነግረንም፤ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን መለየት የተፈታኙ ሥራ ነው። የኔታም ፊደሉን ያዘበራረቁት ለዚሁ ነበር።

ይህ ለምን ያሳስበናል?

በአገራችን በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ ሲወጣ ከተፈተኑት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 እጅ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ ከዚያም በኋላ 5.4 ሆነ። የብዙዎቻችን የእኅትና የወንድም ልጆች እዚያ ውስጥ አሉ። ይህን ሁሉ በጥናት ዘዴ ላይ ማላከክ አይገባም። ጦርነት ነበር፣ ወረርሽኝ ነበር፣ የመጽሐፍና የመምህር እጥረት ነበር፣ ከዚያ በፊት የነበረው ኩረጃ የሸፈነው ጉድለትም ነበር። ይሁንና ልጁ በእጁ ባለው ነገር ሊያደርገው የሚችለው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እዚህ ያለው ልጃችንም መጽሐፍና መብራት ሞልቶለት መንገዱን ካልያዘ ሌሊቱን በከንቱ ያነጋል። ሲደክምና ሳይሆንለት ሲቀር ደግሞ «እኔ ጭንቅላት የለኝም» ብሎ ይደመድማል። የማይጠገነው ጉዳት ይህ ነው።

ዛሬ ማታ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጁ አንድ ጊዜ በጥሞና ያንብብ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ የያዘውን በባዶ ወረቀት ይጻፍ። መጽሐፉን ከፍቶ ያስተያይ፤ የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሙላ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚያጠናው ያንን የጎደለውን ነው።

ሁለተኛ፣ ክለሳው ቀጠሮ ይኑረው። ዛሬ የተማረውን ነገ፣ ከዚያ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ ይመለስበት። በ1972 ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ ያስተዋወቀው ቀላል ዘዴ አለ። ጥያቄው በካርድ ፊት፣ መልሱ በጀርባ ይጻፋል፤ የታወቀው ካርድ ራቅ ወዳለ ቀን ወደሚከፈት ሳጥን ያልፋል፤ የተሳተው ወደ መጀመሪያው ሳጥን ተመልሶ በማግስቱ ይጠየቃል።

ሦስተኛ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ሲሠራ የተለያዩ ምዕራፎችን ጥያቄዎች ያደባልቅ። የቆዩ የፈተና ወረቀቶች ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ ሰዓት ይዞ፣ መልሱን ሳያይ ይሥራ።

አራተኛ፣ ይተኛ። በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ ያወጡት ጥናት ካጠኑ በኋላ የተኙ ሰዎች ነቅተው ከቆዩት ያነሰ እንደሚረሱ ካሳየ መቶ ዓመት አልፎታል። በቡና ነቅቶ ማደር የተያዘውን ማፍሰስ ነው።

አምስተኛው የወላጅ ድርሻ ነው። እንግሊዝኛው ባይገባችሁም፣ ባዮሎጂ ተምራችሁ ባታውቁም፣ መጽሐፉን ከልጁ እጅ ተቀብላችሁ «ንገረኝ» ማለት ትችላላችሁ። ልጁ በአማርኛ ያስረዳችሁ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ። ለማያውቅ ሰው ማስረዳት የቻለ በእርግጥ አውቆታል። ያልቻለ ደግሞ የት ላይ እንደጎደለው እዚያው ያየዋል። ቁጣ አያስፈልግም፤ አለንጋው ከየኔታ ጋር ቀርቷል። ለዜግነት፣ ለመንጃ ፈቃድ ወይም ለነርስነት ፈተና የምታጠኑ ዐዋቂዎችም በዚሁ መንገድ ልጆቻችሁ ይጠይቋችሁ፤ ወንበሩ በተራ ይዘርጋ።

ለዚያች እናት በዕለቱ የነገርኳት ይህንኑ አጠር አድርጌ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ምግብ ቤት ሄድኩ። ገበያው ቀዝቀዝ ያለበት ሰዓት ነበር። እናትየዋ ባንኮኒው ላይ መጽሐፉን ይዛ፣ ግን ወደ ራሷ አዙራ ተቀምጣለች። ልጅቱ ስለ ሴል እየተንተባተበች በአማርኛ ታስረዳታለች፤ ቃል ሲያጥራት በእጇ ታሳያለች። እናቷ በጥሞና ስትሰማ ቆየችና፣ «እሺ፣ ታዲያ ያ ሁሉ ሥራ ሲሠራ ጉልበቱን ከየት ያመጣዋል?» አለቻት።

ልጅቱ አፏን ከፈተች፣ ቆመች፣ ከዚያም ሳቀችና «ቆይ እማ፣ መጽሐፉን አንድ ጊዜ ስጪኝ» አለች።